በጅማ ዝናብ የዛገች የ1965 ቮልስዋገንን በግቢያችን በአነስተኛ ወጪ ማደስ እንችላለን?

ጠያቂ፦ የቆጪዋ መምህርት

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ፣ ቆጪ በሚገኘው ግቢያችን ከአባታችን የወረስናት፣ እ.ኤ.አ. የ1965 ሞዴል የሆነች ባለ 1200 ሞተር ቮልስዋገን ከአቮካዶ ዛፍ ሥር ለብዙ ዓመታት ቆማለች። ያስቆማት የሞተር ብልሽት ሳይሆን አባታችን የዓይኑ ብርሃን ሲደክም ከቤቱ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው መጥፋቱ ነበር። አሁን እኔ መንጃ ፈቃድ አውጥቻለሁ፤ ታናሽ ወንድሜም ቴክኒክና ሙያ የተማረ በመሆኑ መሣሪያ መያዝ ያውቃል። ስለዚህ ሁለታችን ተጋግዘን ልናድሳት ወስነናል።

ከውጭ ለሚያያት ሰው ቀለሟ ደበዘዘ እንጂ ክፉኛ የተጎዳች አትመስልም። ነገር ግን የሾፌሩን ምንጣፍ ሳነሳ በወለሉ ቀዳዳ ሣር በቅሎ አገኘሁ፤ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ባትሪው የተቀመጠበት ላሜራ ደግሞ በጣት ሲነካ እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል። የሁለቱም በሮች የታችኛው ጠርዝ ተበልቷል። የኋላው ግራ ፓራፋንጎ ከቦዲው ጋር የሚገናኝበት መስመርም አብጦ ቀለሙን ገፍቶታል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ከደመወዜ በየወሩ ከሦስት ሺህ ብር በላይ ለዚህ ጉዳይ ማውጣት አልችልም። ሁሉንም አጠቃሎ ለመሥራት አንድ ጋራዥ የጠራው ዋጋ ከአቅማችን በላይ ሆነ። ሌላ በያጅ ደግሞ ወለሉን በቤት ክዳን ቆርቆሮ ሸፍኖ፣ የተበላውን ሁሉ በስቱኮ ሞልቶና ቀለም ቀብቶ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ሊያስረክበን እንደሚችል ነገረን። ዋጋው የሚስማማ ቢሆንም ነገሩ አላሳመነኝም። በእጃችን ያለው ክሪክ፣ አንድ ግራይንደር፣ የሽቦ ብሩሽና የአባታችን የቁልፍ ስብስብ ነው። ከየት ብንጀምር ይሻላል? የትኛውን ሥራ ራሳችን፣ የትኛውንስ በባለሙያ እናሠራ?

መልስ፦ የድሮ ባትላሜራ

ልጄ፣ አለማመንሽ ትክክል ነው፤ በቆርቆሮ እንሸፍነው ላለሽ ሰው ቁልፉን እንዳትሰጪው። ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚሁ ከተማ ጋራዦች ላሜራ በመቀጥቀጥ ነው፤ ከተጠገኑ በኋላ ዓመት ሳይሞላቸው ወደ እኔ የሚመጡት መኪኖች አብዛኞቹ ዝገት ላይ ስቱኮ የተለበጠባቸው ነበሩ። ስቱኮ ውኃ ይመጥጣል፤ ዝገት ደግሞ ከተፈጠረበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ከሥር እያበጠ ስቱኮውን ገፍቶ ይጥለዋል። የክዳን ቆርቆሮም ለወለል አይሆንም። ስስ ነው፤ በዚያ ላይ በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ማታውኑ ትኩሳት ይለቅበታል።

የመጀመሪያውን ወር ገንዘብ ለመኪናዋ ሳይሆን ለመጠለያዋ አውጪው። ከዛፉ ሥር አውጥታችሁ፣ አራት የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተክላችሁ፣ ላዩን ቆርቆሮ፣ ሥሩን ጠጠር አድርጉት፤ ጎኖቹ ግን ነፋስ እንዲያልፍባቸው ክፍት ይሁኑ። ላስቲክ ወይም ሸራ አታልብሷት፤ ከመሬት የሚነሣው እርጥበት ከላስቲኩ ሥር ሌሊት ጤዛ ሆኖ ይወርድና ከዝናቡ የከፋ ጉዳት ያደርሳል። ጎማዎቹ ከመሬት ከፍ እንዲሉ በጠንካራ ጉማጅ እንጨት ላይ አስቀምጧት። ክሪክ ብቻውን እየተሸከማት ማንም ሰው ከሥሯ እንዳይገባ።

ከዚያ በኋላ ካቻቢቴና ትንሽ መዶሻ ይዘሽ ሥሯን መርምሪ። ጤነኛ ብረት በመዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው የታፈነ ነው፤ እዚያ ላይ በካቻቢቴ ጫን ብለሽ ውጊው፤ ከተበሳ ይበሳ። መጀመሪያ የምታዪው የመካከለኛው ቱነል (በወለሉ መሐል ከፊት ወደ ኋላ የሚያልፈው ከፍ ያለ የብረት ክፍል) የፊት ጫፍ ነው፤ የፊት እግሮችን የሚሸከመው አግዳሚ የሚታሰረው እዚያ ላይ ነውና። ይህ ክፍል ከበሰበሰ ሥራው ከቤት ወጥቶ ወደ ባለሙያ ይሄዳል፤ በመንገድ ላይ የሰው ሕይወት የሚጠየቅበት ቦታ ነው። ጤነኛ ከሆነ ግን የቀረው ሁሉ በትዕግሥት የሚሠራ ነው።

ቀጥሎ ከበሮቹ ሥር በቀኝና በግራ የሚያልፉትን ሁለት ቦዮች ተመልከቺ። በእነዚህ ቦዮች ውስጥ ከሞተሩ የሚመጣ ሙቅ አየር ወደ እግርና ወደ ፊት መስታወት ይሄዳል። በጅማ አየር ማሞቂያ የሚፈልግ ሰው ብዙ ስለሌለ አንዳንዱ በያጅ ቦዩን ቆርጦ ይጥልና በጠፍጣፋ ላሜራ ይዘጋዋል። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ቦዩ አየር ማስተላለፊያ ብቻ ሳይሆን የቦዲው አከርካሪም ነው፤ ወለሉም በብሎን የሚታሰረው በእሱ ላይ ነው። እሱ ከሌለ ቦዲው መሐሉ ላይ ይጎብጥና በሮቹ መዝጋት ይሳናቸዋል። ስለዚህ የበሰበሰው ቦይ ከተቆረጠ በምትኩ የሚገባው ያንኑ ቅርጽ የያዘ ሳጥን መሆን አለበት፤ ላሜራ ማጠፊያ ያለው ቤት ልኩን ካመጣሽለት አጥፎ ይሰጥሻል።

ወለሉ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ከቱነሉ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ጠፍጣፋ ክፍሎች ናቸው፤ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ይበቃቸዋል። በሩንና የጎኑን አካል ለመጠገን ከተጣለ መኪና ኮፋኖ ወይም ጣሪያ የተቆረጠ ቁራጭ ከአዲስ ላሜራ ይሻላል፤ ዋጋውም አነስተኛ ነው፤ ውፍረቱም ይመሳሰላል። ፓራፋንጎዎቹንና የእግር መርገጫዎቹን በተመለከተ አትጨነቂ፤ አራቱም ፓራፋንጎዎች በብሎን የታሰሩ ስለሆኑ ወንድምሽ ይፈታቸዋል። ብሎኖቹ እምቢ ካሉ ናፍጣ አጠጥቶ ማሳደር እንጂ ታግሎ መስበር አያስፈልግም። የእነሱ ተራ መጨረሻ ነው።

ወጪ የሚቀንሰው ደግሞ እንዲህ ነው። በያጅ የሚከፈለው በቀን ነው፤ ከቀኑ አብዛኛውን የሚፈጀው ግን ብየዳው ሳይሆን ዝገት መፋቅ፣ ልክ መውሰድና ላሜራ መቁረጥ ነው። ይህን ሁሉ እናንተ ሥሩት። ከወረቀት ካርቶን ልኩን አውጡ፣ ላሜራውን ቁረጡ፣ የሚበየድበትን ጠርዝ ከሁለቱም በኩል እስኪያበራ ፋቁ፣ በመቆንጠጫ ፒንሳና በትንንሽ ብሎኖች እንዲቆም አድርጉ፤ በያጁ መጥቶ ብየዳውን ብቻ ሠርቶ ይሂድ። ስትመርጪ ግን ከበርና መስኮት ሠሪ ተጠንቀቂ። እጁ የለመደው ወፍራም ቱቦ ስለሆነ በ2.5 ኤሌክትሮድ የመኪና ላሜራ ላይ ሲመጣ እየበሳ ይሄዳል። የሲኦቱ (CO2) ብየዳ ያለው ካገኘሽ እሱ ይሻላል፤ ካልተገኘም በጋዝ ብየዳ ቀስ ብሎ የሚሠራ ሰው ፈልጊ። ባንድ ጊዜ ረጅም መስመር እንዲበይድ አትፍቀጂለት፤ ነጥብ በነጥብ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየዘለለ ካልሠራ ላሜራው በሙቀት ይጣመማል። የነዳጅ ጋኑ ከፊት ኮፋኖ ሥር መሆኑን አትርሺ፤ ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ተፈትቶ ከግቢው ራቅ ወዳለ ቦታ ይወሰድ።

ሲያልቅ ሥሯን ሁሉ ያረጀ የሞተር ዘይት ቀቡት። እኛ ዘመናችንን ሙሉ ያደረግነው ይኸው ነው።

መልስ፦ ኬሚስቷ ከቂጦ

ጋሼ የጻፉት በሙሉ ጠቃሚ ነው፤ በመጨረሻው ነጥብ ላይ ብቻ አልስማማም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እኅቴ፣ ብረት እንዲዝግ ውኃና ኦክስጅን ያስፈልጉታል፤ ነገር ግን ውኃው የግድ ዝናብ መሆን የለበትም። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ አካባቢ ሲያልፍ በብረቱ ገጽ ላይ ለዓይን የማይታይ የውኃ ንጣፍ ይፈጠርና መዛግ ይፋጠናል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የምታገኝ፣ የዝናቡም ወቅት ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ድረስ የሚዘልቅባት ከተማ ስለሆነች ለብረት የሚመች ወቅት አጭር ነው። ስለዚህ የመቁረጥና የመበየድ ሥራውን ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ደረቅ ወራት ብታደርጉት፣ በዝናቡ ወራት ደግሞ ተፈትተው ቤት ውስጥ በሚሠሩት ዕቃዎች ላይ ብታተኩሩ ይመረጣል። የተፋቀ ብረት በጅማ አየር ሳይቀባ ካደረ ጠዋት ብርቱካናማ ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ በአንድ ቀን መቀባት የምትችሉትን ያህል ብቻ ፋቁ።

ዝገትን ለማንሣት ውድ ኬሚካል አያስፈልግም። ለብሎኖች፣ ለማጠፊያዎችና ለትንንሽ ዕቃዎች አቼቶ ውስጥ ማሳደር ይበቃል፤ ሲወጡ በቤኪንግ ሶዳ ውኃ አለቅልቆ ወዲያው ማድረቅ ነው። እንደ ፓራፋንጎ ላሉ ትልልቅ ዕቃዎች የምመክረው ሞላሰስን ነው። ከብት የሚያደልቡ ሰዎች ለመኖ ስለሚገዙት በቀላሉ ይገኛል። አንድ እጁን ሞላሰስ ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር በትልቅ የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ቀላቅላችሁ ዕቃውን ብትነክሩት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ዝገቱን ከብረቱ ይለየዋል፤ ጤነኛውን ብረት እምብዛም አይነካም። ሽታው ከባድ ነው፤ ንብም ይሰበስባል፤ ስለዚህ ከቤቱ ራቅ ይበል፤ ክዳንም ይኑረው። ነገር ግን የአሉሚኒየም ዕቃ፣ ለምሳሌ ካርቡራቶር፣ ፈጽሞ አትንከሩበት፤ ይበላዋል። በባትሪ ቻርጀር በሚደረገው የኤሌክትሮሊሲስ (ዝገትን ውኃ ውስጥ በኤሌክትሪክ የማንሣት) ዘዴ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ በአዎንታዊው ጫፍ ላይ ተራ ብረት እንጂ ስቴንለስ ስቲል አትሰሩ፤ መርዛማ የክሮሚየም ውሕድ ያወጣል። ሥራው ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚፈጥርም ከቤት ውጭ፣ እሳት በሌለበት ይሁን። (ጅማ ላይ ሆኖ ቡናስ ዝገት አይለቅም ወይ የሚል አይጠፋም። አሲዱ ደካማ ስለሆነ ቡናውን ጠጡት።)

ፎስፎሪክ አሲድ ያለባቸው ዝገት ለዋጭ ፈሳሾች ከየቀለም ቤቱ ይገኛሉ። ዝገቱን ወደ ብረት ፎስፌት ይለውጡታል፤ ጠቃሚነታቸው ግን ስስና ገጽ ላይ ብቻ ባለ ዝገት ላይ ነው። በተፈረፈረ፣ ሽፋን በሽፋን በተነሣ ዝገት ላይ ቢቀቡ የላይኛውን ብቻ አጥቁረው የታችኛውን ይተዉታል። ጋሼ እንዳሉት እንዲህ ያለው ቦታ ተቆርጦ ይጣላል።

ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱበት ሌላው ጉዳይ የመጀመሪያው ቀለም ነው። ተራው ግራጫ ፕራይመር ውኃ አይከላከልም፤ በውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት እርጥበት ያስገባል። መኪናዋን ፕራይመር ቀብታችሁ የማጠናቀቂያውን ቀለም እስክትገዙ ለወራት ብታቆሟት ከሥሩ ትዝጋለች። በየወሩ ትንሽ በትንሽ ለሚሠራ ሰው የሚስማማው ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚቀባው ኤፖክሲ ፕራይመር ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን በብሩሽም ሊቀባ ይችላል፤ ብረቱንም በእርግጥ ይዘጋዋል። በዚያ ዘመን የተቀቡ ቀለሞች እርሳስ ሊኖርባቸው ስለሚችል የድሮውን ቀለም በደረቁ አትፋቁ፤ የብርጭቆ ወረቀቱን በውኃ እያራሳችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ ሕፃናትን አርቃችሁ ሥሩ።

አሁን ወደ ያረጀው ዘይት። ያረጀ የሞተር ዘይት ከነዳጅ ቃጠሎ የመጣ አሲድና ጥቃቅን ብረት ተሸክሟል፤ ጎማ ያለበትን ሁሉ ያሳብጣል፤ በዝናብ ታጥቦም ወደ ጉድጓድ ውኃችሁ ይሄዳል። በዚህ አካባቢ ከእሱ የተሻለ ነገር በእጃችን አለ፤ እሱም የማር ሰም ነው። ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ስለሚቀልጥ ዕቃውን በፈላ ውኃ ላይ አስቀምጣችሁ አቅልጡት፤ ከዚያ ከእሳቱ አርቃችሁ ንጹሕ የካምቢዮ ዘይትና ቀጠን የሚያደርገው ጥቂት ነጭ ጋዝ ጨምሩበት። ነጭ ጋዙን እሳት አጠገብ በፍጹም አትጨምሩ። ይህን ድብልቅ ሞቅ እንዳለ በበሩ ውስጥና ከበሩ ሥር ባሉት ቦዮች ውስጥ ብታፈሱት ወደ ስፌቶቹ ሁሉ ሰርጎ ገብቶ ይረጋል። የሚደረገው ግን ብየዳውም ቀለሙም ካለቀ በኋላ ብቻ ነው፤ ሰም የነካውን ብረት መበየድም መቀባትም አይቻልም።

ጠያቂ፦ የቆጪዋ መምህርት

ጋሼ፣ እኅቴ፣ ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባላችሁኝ መሠረት ወንድሜ ሥሯን መረመረ። የፊት እግሮቹ አግዳሚ የሚታሰርበት ቦታ ጭቃው ከተፋቀ በኋላ ንጹሕ ብረት ሆኖ ተገኝቷል። የቀኙ ቦይ ጤነኛ ነው። የግራው ግን ከሾፌሩ በር ሥር ክንድ በሚያህል ርዝመት ታችኛው ፊቱ የለም። ወንድሜ መጽሔት ላይ አይቶ፣ ቦዲውን ሙሉ በሙሉ ከወለሉ አንሥተን እንሥራው ይላል፤ እኔ ደግሞ አንዴ ከተበታተነች መልሰን አንገጥማትም ብዬ ሠጋሁ። ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ሞተሩና ስለ ኤሌትሪኩ ነው፤ ባትሪዋ ባለ 6 ቮልት ሲሆን እንዲህ ያለ ባትሪ ከተማው ውስጥ አላገኘንም። ሞተሩን ለማስነሣት ለጊዜው ባለ 12 ቮልት ብናገናኝ ጉዳት አለው?

መልስ፦ ባለ ቮልሱ ከሄርማታ

የቦዲውን ጉዳይ ለጋሼ ልተወውና እኔ ስለ ሞተሩ ልናገር፤ ተመሳሳይ መኪና እየነዳሁ ነውና።

እባክሽ እኅቴ፣ ባትሪ ከማገናኘታችሁ በፊት ሞተሩን በእጅ አሽከርክሩት። አራቱን ካንዴላዎች ፍቱና በየቀዳዳው ጥቂት ንጹሕ የሞተር ዘይት ጨምራችሁ አሳድሩት። በማግሥቱ የዲናሞውን ፑሊ ነት በ21 ቁልፍ ይዛችሁ በዝግታ አዙሩት፤ ቀበቶው ሞተሩን ይዞት ይዞራል። ከዞረ ደስ ይበላችሁ፤ ካልዞረ ደግሞ ጉልበት አትጨምሩ፤ ዘይቱ እንዲሠራ ጊዜ ስጡት። ያረጀውን ዘይት አፍስሱና የወንፊቱን ክዳን ከታች ፈትታችሁ እጠቡት፤ ይህ ሞተር የወረቀት ፊልትሮ የለውም፣ ያለው የሽቦ ወንፊት ብቻ ነው። የሚወስደው አዲስ ዘይት 2.5 ሊትር ነው።

ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በነፋስ መሆኑን ታውቂያለሽ። የማራገቢያው ሽፋን ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታ እንደሆነ ሳያዩ አታስነሡት። የቆመ ቮልስ ውስጥ አይጥ የምትመርጠው ቦታ ይኸው ነው፤ የሣርና የጨርቅ ጉድፍ የነፋሱን መንገድ ከዘጋ የአንዱ ወገን ሲሊንደሮች ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይቃጠላሉ፤ በመኪናዋ ላይ የሙቀት መለኪያ የለምና። የነዳጅ ጎማዎቹንም ሁሉ ቀይሩ። ከሞተሩ በላይ የሚያልፈው የደረቀ ጎማ ሲሰነጠቅ ቤንዚኑ የጋለ ብረት ላይ ይንጠባጠባል፤ ብዙ ቮልሶች የተቃጠሉት በዚህ ነው። ይህ ወጪ በሦስት ሺህ ብር ውስጥ በቀላሉ ስለሚገባ ለሌላ ወር አታሳድሩት።

ፍሬኑ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውኃ ስለሚስብ ለዓመታት የቆመ መኪና ፖምፓ ከውስጥ ይዝጋል፤ የ1965ቱ ደግሞ አንድ መስመር ብቻ ስላለው አንዱ ጎማ ላይ የሚፈስ ዘይት አራቱንም ፍሬኖች ያሳጣችኋል። የአራቱም እግር ፖምፓ ጎሚኒዎች፣ ማስተሩና የጎማ ቱቦዎቹ በሙሉ ይለወጡ። ወደ ቦንጋ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ የምትተማመኑት በእነዚህ ነው።

ስለ 6 ቮልት፦ ለሙከራ 12 ቮልት በቀጥታ አታገናኙ፤ አምፖሎቹ ወዲያው ይቃጠላሉ፤ ኮይሉም ይግላል። በቋሚነት ወደ 12 መቀየር ግን ይቻላል፤ በእኛ አገር ሁኔታም የሚሻለው እሱ ነው። ለ6 ቮልት የተዘረጉት ሽቦዎች ወፍራም ስለሆኑ ሳይቀየሩ ይሸከማሉ። የሚቀየሩት ባትሪው፣ ዲናሞው ከነ ሬጉሌተሩ፣ ኮይሉ፣ አምፖሎቹና ፍላሸሩ ናቸው፤ የዝናብ መጥረጊያው ሞተር ግን ሬዚስተር ገብቶለት ሊቀጥል ይችላል። ባለ 6 ቮልቱ ሞተሪኖ ለአጭር ጊዜ ብቻ ስለሚሠራ 12 ይችላል፤ ቁልፉን ይዞ መቆየት ግን አይገባም። ባትሪውን መልሳችሁ ስታስቀምጡ የላይኛው መሸፈኛ እንዳይረሳ፤ የወንበሩ የሽቦ ስፕሪንግ ከባትሪው ጫፎች ጋር ከተገናኘ ወንበሩ ይቀጣጠላል። አሲድ የጠጣውን ላሜራ ከመበየዳችሁ በፊትም በቤኪንግ ሶዳ ውኃ እጠቡት።

ዕቃ ፍለጋን በተመለከተ፣ ጅማ ላይ የቮልስ ዕቃ ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ዘመድ ወይም የሚታመን ሰው ካላችሁ ናሙናውን ራሱን በአውቶቡስ ላኩለት እንጂ በስልክ ገለጻ አትመኑ፤ የ1200ና የ1300 ዕቃ ለዓይን ተመሳስሎ ልኩ ይለያያል። ዋጋው ርካሽ ይሆናል ብላችሁም አትጠብቁ። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይስ ሕግ ያገለገሉ መኪኖች ቀረጥ ከፍ ካለና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ሁሉ የያዘውን አጥብቆ ይዟል።

አንድ ነገር ግን ከብየዳው በፊት መደረግ አለበት፤ እሱም የወረቀቱ ጉዳይ ነው። ሊብሬው በአባታችሁ ስም ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጥታችሁ ስሙን አዛውሩ። የሻንሲው ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር በመካከለኛው ቱነል ላይ ተመትቷል፤ እናንተ ዝገት የምትፍቁት ደግሞ እዚያው አጠገብ ነው። ቁጥሩን በግራይንደር አትንኩት፤ በእጅ ብሩሽ ብቻ አጽዱት፤ ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ፤ በግሪስ ሸፍኑት። ቁጥሩ የማይነበብ መኪና ለዓመታዊ ምርመራ ቀርቦ ቦሎ ማግኘት ይቸገራል፤ ያን ጊዜ ሥራችሁ ሁሉ ግቢ ውስጥ ይቀራል።

መልስ፦ የድሮ ባትላሜራ

የሰሙን ነገር ተቀብያለሁ፤ ቦዮቹ ውስጥ ሰም ይግባ። ከወለሉ ሥር ግን ጭቃ የሚመታውን ቦታ ሰም አይችለውም፤ እዚያ ሬንጅ መሰሉን የሥር ቀለም ቀቡት፤ እሱም ከኤፖክሲው በላይ እንጂ በባዶ ብረት ላይ አይሁን።

ቦዲውን ስለ ማንሣት፣ ልጄ፣ ያንቺ ሥጋት ልክ ነው። የበሰበሰ ቦይ ያለበት ቦዲ ከወለሉ ከተለየ የሚይዘው ስለሌለ ይከፈታል፤ መልሶ ሲቀመጥ በሩ የማይገጥመው በዚህ ምክንያት ነው። ቦዲው ከወለሉ ሳይነሣ፣ አንድ ወገን ብቻ ክፈቱ። የግራው ተጠናቆ እስኪበየድ የቀኙን ወለል አትንኩት።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። ከመቁረጣችሁ በፊት በሩን ዝጉና በዙሪያው ያለውን ክፍተት በየቦታው ለክታችሁ በኖራ ቦዲው ላይ ጻፉት። ከዚያ በሩን ፍቱና የበሩን መክፈቻ ከፊት ምሰሶ እስከ ኋላ ምሰሶ በሁለት የብረት ዘንግ ደግፉት፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከወገብ በታች፤ ለጊዜው በነጥብ ብየዳ ይያዝ። ወለሉን ከቦዩ ጋር የያዙትን ብሎኖች የምትፈቱት ከዚህ በኋላ ነው። የተበላውን ክንድ የሚያህል ክፍል ብቻ ሳይሆን ከሁለቱም ጫፍ ጤነኛ ብረት እስኪመጣ ቁረጡ፤ ስስ ብረት ላይ የተበየደ ጫፍ በመጀመሪያው ጉድጓድ ይለቃል። አዲሱን ሳጥን ከማስገባታችሁ በፊት ውስጡን ኤፖክሲ ቀቡት፤ ከተዘጋ በኋላ ብሩሽ አይገባበትም። የሚበየደው ጠርዝ ብቻ ጣት በሚያህል ስፋት ባዶ ይቅር።

በያጁ ሲመጣ መጀመሪያ ጥቂት ነጥብ ብቻ እንዲይዝ አድርጉ። ድጋፉ ሳይነሣ በሩን አንጠልጥላችሁ ዝጉትና በኖራ ከጻፋችሁት ልክ ጋር አመሳክሩ። ክፍተቱ ከተስማማ በሩን አውርዳችሁ ብየዳውን ያጠናቅቅ፤ ካልተስማማ ነጥቦቹን በግራይንደር ቆርጦ ሳጥኑን ገፋ አድርጎ እንደገና መያዝ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። የድጋፉ ዘንግ የሚነሣው ወለሉም ከአዲሱ ቦይ ጋር በብሎን ከታሰረ በኋላ ነው።